የተጫነ ሁሉ ዕቃ ነው

መኪና መግዛት ያን ያህል አይከብድም። ቆራጥነትና ትንሽ እብደት ካለ ይገዛል። መከራው ያለው መረከቡ ላይ ነው። ይህን የምላችሁ ከሰው ሰምቼ ሳይሆን ባለፈው ዓርብ በራሴ ላይ ደርሶብኝ ነው። ደግሞ ስሞታ ይዞ የመጣ ሰው እንዳልመስላችሁ። እኔ ምስጋና ነው የያዝኩት። ብቻ የማመሰግነው ሰው ስለበዛ ከሥሩ ጀምሬ ካላወራሁት አንዱን እዘላለሁ፤ የዘለልኩት ሰው ደግሞ ነገ ሱቄ በር ላይ ቆሞ «እኔን ረሳኸኝ አይደል?» ማለቱ አይቀርም።

እኔ መርካቶ፣ አንዋር መስጊድ ጀርባ ካሉት ቅያሶች በአንዱ ውስጥ የፕላስቲክ ዕቃ እሸጣለሁ። ባልዲ፣ ጀሪካን፣ ሳፋ፣ ቅርጫት፣ ባጠቃላይ ውኃ የሚይዝም የማይዝም ነገር ሁሉ አለኝ። እሸጣለሁ አልኩ እንጂ እውነቱን ከተናገርን የምትሸጠው ባለቤቴ ዘነበች ነበረች። የኔ ሥራ ዕቃ ማስገባት፣ መስቀልና ደንበኛ ማስቀየም ነው። ዘነበች በሩ ላይ በርጩማዋ ላይ ቁጭ ትላለች። አንድ ባልዲ ሊገዛ የመጣውን ሰው የልጆቹን ደኅንነት ትጠይቀዋለች፣ የእህቱ ሠርግ መቃረቡን ትሰማለች፣ ሰውየው ሳፋና በርሜል ጨምሮ፣ አመስግኗት፣ መርቋት ይሄዳል። እኔ የሸጥኩለት ሰው አመስግኖኝ ሲሄድ አይቼ አላውቅም። አብዛኛው ሰው ከኔ የሚገዛው ዝናብ ሲይዘው ነው።

ታዲያ የዘነበች ጉልበት ታመመ። ቤታችን አየር ጤና ነው። ጠዋት ታክሲ ላይ ለመውጣት እግሯን እስክታነሳ ረዳቱ «ፈጠን በሉ እናቴ!» ይላታል፣ ከኋላ ያለው ይገፋታል፣ መርካቶ ወርዳም ያን ግፊያ አልፋ የቅያሳችንን አቀበት መውጣት አለባት። አንድ ቀን ማታ እግሯን ዘርግታ ለብቻዋ ስታለቅስ አገኘኋት። ከዚያ ወዲህ ቤት ዋለች። በርጩማዋን ግን ከቦታው አላነሳሁትም። ደንበኛ ሲመጣ «እትዬ ዘነበችስ?» ይለኛል። «ትመጣለች» እላለሁ። አንገቱን አስግጎ ወደ ውስጥ ያይና «እንግዲያው ስትመጣ እመለሳለሁ» ብሎኝ ይሄዳል።

ባለፈው ሳምንት እራት ላይ ዘነበች ሹካዋን አስቀምጣ «ስማ፣ ከሰኞ ጀምሮ ሻጭ ቅጠር» አለችኝ። «የጎረቤታችን ልጅ ሥራ ትፈልጋለች። በርጩማዬንም እሷ ትቀመጥበት። እኔ አበቃኝ።» አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም፤ ያስደነገጠኝም እሱ ነው። እሷ ያላወቀችው፣ መኪና ገዝቼ መድረሷን እየጠበቅኩ መሆኑን ነው። ዓርብ ልትመጣ፣ ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቤት ወስጄ በሩ ላይ ላቆማትና «ነይ ወደ በርጩማሽ» ልላት ነበር። ሰኞ ሌላ ሰው ከተቀመጠበት ግን ዘነበችን አውቃታለሁ፤ የሰው እንጀራ አልነጥቅም ብላ እስከ መቼውም አትመለስም።

መኪናዋ የኤሌክትሪክ ናት። ነዳጅ ማደያ ሰልፍ ይዤ ከምውል ቤቴ ሰክቻት ብተኛ ይሻለኛል ብዬ ነው። የሸጠልኝ ድርጅት ደግሞ አዲስ አሠራር አውጥቷል። ደንበኛው መጋዘን ድረስ አይንከራተትም፤ መኪናዋ ናት ደንበኛው ዘንድ የምትመጣው። ድምፅዋ እንደ ማር የሚጥም ልጅ ደውላ «ክቡር ደንበኛችን፣ ያሉበት ድረስ እናመጣልዎታለን። የት እናምጣልዎ?» አለችኝ።

እስቲ ፍረዱኝ። ቤቴ ግቢ አለው፣ ሰፊ በር አለው፣ መሰኪያ አለው። ነገር ግን በዚህ ሁሉ ዘመን ያዘዝኩት ዕቃ የመጣው ሱቄ ነው። «የት እናምጣልህ?» ሲባል የቤቱን አድራሻ የሚሰጥ የመርካቶ ነጋዴ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ምላሴ እኔን ሳያማክር «አንዋር መስጊድ ጀርባ፣ ባልዲ የተሰቀለበት ሱቅ» አለ። «መቼ ይመችዎታል?» ስትለኝም «ዓርብ ረፋዱ ላይ፣ ዓርብ ጸጥ ይላል» አልኳት። ዓርብ ገበያው ጸጥ የሚለው ሰው ሁሉ መንገዱ ላይ መስገጃውን ዘርግቶ ስለሚሰግድ መሆኑን እዚያ ሰፈር የሸመገልኩት ሰውዬ ማስታወስ ይገባኝ ነበር። አላስታወስኩም።

ለዘነበች ድንገተኛ ደስታ ይሁናት ብዬ ደበቅኳት። ለጎረቤቴ ለሐጂ ነስሩ ብቻ በምስጢር ነገርኳቸው። ሐጂ ነስሩ ከኔ ሱቅ አጠገብ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ካውያና የውኃ ማፍያ ይሸጣሉ። ዘነበች ስትታመም ከባለቤታቸው ጋር አየር ጤና ድረስ እየተመላለሱ ጠይቀዋታል። ከወንድም የማላሳንሳቸው ሰው ናቸው፤ ምስጢር ግን እሳቸው ዘንድ ሁለት ቀን አያድርም። ዓርብ ጠዋት ሱቄን ስከፍት ቅያሱ በሙሉ «እንኳን ደስ ያለህ!» አለኝ።

ረፋዱ ላይ ስልኬ ጮኸ፤ ያቺ ድምፅዋ እንደ ማር የሚጥም ልጅ ናት። «ክቡር ደንበኛችን፣ ሕሊና ነኝ ከድርጅቱ። ቅያሱ አፍ ላይ ደርሰናል። ከዚህ በኋላ ግን... መንገድ ያለ አይመስልም።»

ሮጬ ወረድኩ። መንገዱን በሞላው የበርበሬ ጆንያና የጨርቅ ጥቅል መካከል በቆመ ጠፍጣፋ ካሚዮን ጀርባ ላይ፣ ነጭ መኪናዬ ግንባሯ ላይ ቀይ ሪባን ታስሮላት ቆማለች። አጠገቧ ሕሊና ነጭ ሸሚዝ ለብሳ፣ ነጭ ጫማ አድርጋ። መርካቶ ነጭ ጫማ አድርጎ የመጣ ሰው ሳይ ሁልጊዜ አንጀቴን ይበላኛል። ሾፌሩ መወጣጫውን ሊዘረጋ ሲል አንድ ወፍራም እጅ የካሚዮኑን ጎን ደበደበ። አበጋዝ ነው። አበጋዝ የሰፈራችን ጫኝና አውራጆች አለቃ ነው፤ በኛ ቅያስ ከመኪና የሚወርድ ነገር በሱና በባልደረቦቹ እጅ ካልሆነ መሬት አይነካም።

«ማንን ጠይቀህ ነው የምታወርደው?» አለው ሾፌሩን።

ሕሊና ፈገግ ብላ ጣልቃ ገባች። «ወንድሜ፣ ይሄ እኮ ዕቃ አይደለም። ተሽከርካሪ ነው።»

«በምን መጣ?»

«በካሚዮን።»

«ተጭኖ?»

«አዎ፣ ተጭኖ።»

«በቃ እህቴ፣ የተጫነ ሁሉ ዕቃ ነው» አላት አበጋዝ በትዕግሥት። «ዕቃን ደግሞ የሚያወርደው አውራጅ ነው።»

«በራሷ እኮ ነው የምትወርደው! ቁልፉን ብቻ...»

«በራሱ የሚወርድ ዕቃ እዚህ ሰፈር ገብቶ አያውቅም። ዛሬ መኪና በራሱ ከወረደ ነገ ጆንያው በራሴ ልውረድ ይለናል። ገንዘቡ አይደለም እህቴ፣ ሥርዓቱ ነው።»

ሕሊና ወደኔ ዞራ «ክቡር ደንበኛችን፣ ይንገሩት እንጂ!» አለችኝ። ምን ልንገረው? ባለፈው ክረምት ደንበኛ ዘንድ ሄጄ ዝናብ ሲመጣ፣ ማንም ሳይጠራቸው፣ ውጭ የተቆለለ ዕቃዬን ያስገቡልኝ አበጋዝና ባልደረቦቹ ናቸው። መሬት መሬት እያየሁ «ልክ ነው» አልኳት። ሕሊና ባንድ ጊዜ በሁለት ሰው የተከዳች መሰለች።

ነገሩ እዚህ ላይ በተፈታ። ግን የካሚዮኑ የኋላ ጎማ ከፍሳሽ ቦዩ ወዲያ ነበር። ከቦዩ ወዲያ ያለው የሌላ አውራጆች ቡድን ክልል ነው። እነሱም እጅጌያቸውን ሰብስበው መጡና «ፊቷ የናንተ ቢሆን ኋላዋ የኛ ነው» አሉ። ክርክሩ ጦፈ። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ፈረደ። አንዱ ካሚዮኑ ትንሽ ወደፊት ይጠጋ አለ፤ ማዶኞቹ «አይነቃነቅም!» ብለው ጎማው ሥር ድንጋይ አኖሩ። በመጨረሻ በስምምነት የፊት ጎማዎቿን እነአበጋዝ፣ የኋላዎቹን ማዶኞቹ ሊያወርዱ ሆነ። ገሚሱ «በስመአብ»፣ ገሚሱ «ቢስሚላህ» ብሎ ያዛት። ሕሊና ዓይኗን በእጇ ሸፈነች። መኪናዬ በዚያ ሁሉ መዳፍ ላይ ተደግፋ፣ የሙሽራ መስታወት እንደሚወርድ፣ ጭረት ሳይነካት መሬት ደረሰች።

«ቀላል ዕቃ ናት» አለ አበጋዝ ላቡን እየጠረገ።

ካሚዮኑ ወጥቶ ሄደ፣ ወዲያው አዛን ተሰማ። እኔና ሕሊና ዘወር እስክንል መስገጃው ከመኪናዋ ፊትም ከኋላም ተዘርግቶ አለቀ። የሰው ሶላት ላይ ማን ይነቃነቃል? ዝም ብለን ገብተን ተቀመጥን። ሕሊና በሹክሹክታ የመኪናዋን አገባብና አወጣጥ ታስረዳኝ ጀመር። ይህን ቤት ድረስ ማድረስ የሚባለውን ሐሳብ ያቀረበችው እሷ መሆኗን፣ የመጀመሪያው ደንበኛም እኔ መሆኔን ያን ጊዜ ነገረችኝ። አለቃዋ በየሰዓቱ ይደውላል። ከደንበኛው ጋር ሪባን ተቆርጦ ፎቶ መላክ አለባት። አሳዘነችኝ። ብዙ ሰው እያለ የኔን ስልክ ባታገኝ ምን ነበረበት?

«ቻርጇ ከመጋዘን ስትወጣ ትንሽ ነው» አለችኝ። «ቤትዎ ለመድረስ ይበቃዎታል፤ እዚያ ይሰኳታል። ደግሞ ይሄን ይዩ፣ እዚህ ጋ መሰኪያ አላት። ሽርሽር ሲሄዱ ምድጃ ሰክተው ማብሰል ይችላሉ።»

ከዚህ ሁሉ ማብራሪያ ጭንቅላቴ ውስጥ የቀረው የመጨረሻው ብቻ ነው።

ሶላቱ አልቆ ሕሊና ለአለቃዋ ልትደውል ዘወር እንዳለች ሐጂ ነስሩ መስገጃቸውን በብብታቸው ይዘው መጡ። መኪናዋን ዞረው አዩ፣ መረቁልኝ፣ ፊታቸው ግን ልክ አልነበረም። ከወልቂጤ የመጣ ደንበኛ ብዙ ምድጃ ሊገዛቸው ሱቃቸው ቁጭ ብሏል፤ ቅያሱ ውስጥ ግን ከጠዋት ጀምሮ መብራት የለም። መርካቶ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሳይሞከር አይሸጥም። ገዢው ፊት ይሰካል፣ ሽቦው ይቀላል፣ ገዢው መዳፉን አስጠግቶ ሙቀቱን ያያል፣ ከዚያ ነው «ጠቅልልልኝ» የሚለው። «ሊሄድብኝ ነው» አሉ ሐጂ። «መብራት እስኪመጣ አልጠብቅም አለ።»

እሳቸው ምንም አልጠየቁኝም። ይህን አጥብቄ እናገራለሁ። እኔ ነኝ ደረቴን ነፍቼ «ሐጂ፣ እኛ እያለን ስለ መብራት ያስባሉ?» ያልኩት።

የመጀመሪያው ምድጃ መጣ፣ መኪናዋ ላይ ተሰካ፣ ቀላ። የወልቂጤው ሰውዬ መዳፉን አስጠግቶ «ማሻአላህ» አለ። ከዚያ ሁለተኛው። «ሁሉንም ልይ» አለ፤ መብቱ ነው። ከጎናቸው ካውያ የሚሸጠው ሰውም ደንበኛውን ይዞ መጣ። ከዚያ የውኃ ማፍያ መጣ፤ ባዶውን አይሞከርም ተብሎ ውኃ ተሞላበት፤ ፈላ፤ የፈላ ውኃ አይደፋም ተብሎ ሻይ ቅጠል ተገዛ። እኔ በመኪናዋ በር ላይ ቆሜ «ተራ ያዙ! ለሁላችሁም ይደርሳል!» እላለሁ። እድሜዬን ሙሉ ሰው እንዲህ አመስግኖኝ ስለማያውቅ ሰክሬ ነበር።

ሕሊና ስትመለስ አንድ ምድጃ ግሎ፣ እኔ ሻይ ይዤ አገኘችን።

«ክቡር ደንበኛችን! ምንድነው ይሄ?»

«ሽርሽር ላይ ነን» አልኳት።

ሮጣ ገብታ የቻርጁን መጠን የሚያሳየውን መስታወት አየች። ወዲያው ምድጃው ቀስ በቀስ ቅላቱ ጠፋ፣ ጠቆረ። የወልቂጤው ሰው «ይሄኛው አይሠራም» ብሎ ለሐጂ መለሰላቸው። ምድጃውስ ደኅና ነበር። ያለቀችው የኔ መኪና ናት።

ሕሊና መሪው ላይ ተደፍታ «ፎቶ እንኳን አላነሳንም» አለች። እኔ ሰዓቴን አየሁ። ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። ዘነበች ቤት በር ላይ ልትስቅ የነበረበት ሰዓት ነው። መብራት የለም፣ ካሚዮኑ የለም፣ ሰኞ ደግሞ ያቺ ልጅ በርጩማውን ልትረከብ ነው። የያዝኩት ሻይ እንኳን መራራ ሆነብኝ።

ቀና ስል ዘነበችን አየኋት። ዋናው መንገድ ዳር ከታክሲ ወርዳ፣ አንድ እጇን ምሰሶ ላይ አድርጋ፣ ነጠላዋን አስተካክላ ቆማለች። የሐጂ ባለቤት ደውለው «ባልሽ መኪና መጣለት፣ ሰፈሩ ሁሉ ሻይ እየጠጣ ነው» ብለዋታል። ሮጬ ሄጄ ክንዷን ያዝኩ። ጥቂት እየተራመድን፣ ጥቂት እየቆምን መኪናዋ ዘንድ ደረስን። በሩን ከፈትኩላት፤ ጎንበስ ሳትል፣ እግሯን ሳትጎትት፣ ቀስ ብላ ገብታ ተቀመጠች። ወንበሩን ዳበሰችው።

«ለኔ ነው?» አለችኝ።

«ላንቺ ነው። ሱቅ እንድትመጪ ነው።»

በሩን ሳብ አድርጋ ዘጋችና «እንግዲያው ንዳው እንጂ» አለችኝ።

«አይነሳም።»

«አዲስ አይደለም እንዴ?»

«አዲስ ነው። ግን ምድጃ ሰክተንበት...» ብዬ ጀመርኩና መጨረስ አቃተኝ። ሐጂ ነስሩ መስገጃቸውን አቅፈው «ጥፋቱ የኔ ነው እትዬ ዘነበች» አሉ። ሕሊና ደግሞ «የድርጅታችን ነው» አለች። ዘነበች ሁላችንንም ተራ በተራ አየችንና እንዲህ ሳቀች ልላችሁ አልችልም። ያን ሳቅ ከሰማሁ ቆይቻለሁ። ከዚያ ግን ወደ ላይ፣ ወደ ሱቃችን አቀበቱን አየች፤ ሳቋ ቆመ። «ምን ያደርጋል፣ እኔ እስከዚያ አልወጣም» አለች።

ያን ጊዜ አበጋዝ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጋሼ፣ ዕቃው የታዘዘው የት ነበር?»

«ሱቅ ነበረ።»

«ታዲያ ቅያስ አፍ ላይ ጥለነው ልንሄድ ነው እንዴ? አውራጅ ያወረደውን ዕቃ ከሱቅ በር ያደርሳል። እትዬ ዘነበች፣ እንዳሉ ይቀመጡ፤ እንዳይወርዱ!»

ባልደረቦቹን ጠራ። ማዶኞቹ ቦዩን ተሻግረው መጡ፤ ሳይጠሩ፣ ያለ ክርክር፣ ክልላቸው አለመሆኑንም ያነሳ አልነበረም። ሕሊና ዜሮ ማርሽ አድርጋ መሪውን ያዘች። የወልቂጤው ሰውዬ ጋቢውን አጣፍቶ ከኋላ ገባ፣ ካውያ ሻጩም፣ እኔም። ሐጂ ነስሩ በዚያ ዕድሜያቸው ከፊት ከፊት እየሄዱ «መንገድ! መንገድ ልቀቁ! እትዬ ዘነበች ናት!» ይላሉ።

ገፋን። ረጅም ጊዜ ፈጀብን፤ የፈጀብን ግን አቀበቱ አይደለም። በየሱቁ በር ሰው እየወጣ «እትዬ ዘነበች! የት ጠፉ!» ይላል፣ እሷ በመስኮት እጇን ሰዳ ትጨብጣለች፣ የልጆቹን ደኅንነት ትጠይቃለች፣ እኛ ከኋላ ጎማው ወደኋላ እንዳይንሸራተት ጥርሳችንን ነክሰን ይዘን እንጠብቃለን። አንዲት ሴት የምጥ ወሬ ስትነግራት አበጋዝ «እትዬ፣ ወንድ ነው ሴት ብለው ይጨርሱልን!» ብሎ ጮኸ። ትከሻዬ እየተንቀጠቀጠ፣ ላቤ ዓይኔ ውስጥ እየገባ፣ ከግራ ከቀኝ ያሉትን እጆች አየሁ። በርበሬ የነካው አለ፣ ጆንያ ያሻከረው አለ፣ ለሶላት ከታጠበበት ከውዱ ያልደረቀ አለ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ማለት አነሰብኝና ዝም ብዬ ገፋሁ።

ሱቁ በር ላይ ቆምን። ዘነበች በሩን ራሷ ከፍታ ወረደች፤ ሦስት እርምጃ ተራምዳ በርጩማዋ ላይ ቁጭ አለች። እንድታመሰግነን ጠበቅን። እሷ ግን ቀና ብላ የሰቀልኳቸውን ባልዲዎች አየችና «ቀዩን ከአረንጓዴው ጋር ማነው የደባለቀው?» አለች። የወልቂጤው ሰውዬ እየሳቀ የባልዲ ዋጋ ጠየቃት። ሲሄድ ባልዲ፣ ሳፋና ሁለት ጀሪካን ይዞ ነው፤ መርቋት።

ሕሊና ፎቶዋን አነሳች። ሪባኑን ዘነበች በሱቁ መቀስ ቆረጠችው። እነአበጋዝ ቆሙ፣ ማዶኞቹ ቆሙ፣ ሐጂ ቆሙ፣ የሚያልፈውም ገባ። በኋላ ሕሊና ፎቶውን ስትልክልኝ መኪናዋ አትታይም፤ አንድ የመብራት ጥግ ብቻ በአበጋዝ ብብት ሥር ብቅ ብላለች። አለቃዋ ምን እንዳላት ጠየቅኳት። «መኪናው የታለ? አለኝ። ከሰዎቹ ኋላ ነው አልኩት» አለችኝ። የተናደደች አትመስልም ነበር። ነጭ ጫማዋ ቀይ ሆኗል፤ ዘነበች የሰጠቻትን ባልዲ ይዛ ሄደች።

ወደ ማታ መብራት መጣ። ሐጂ ነስሩ ከሱቃቸው ገመድ ስበው «የበላነውን እንመልስ» እያሉ በእጃቸው ሰኩልኝ። ቤት የሚያደርሰንን ያህል ስትይዝ ቅያሱ ባዶ ሆኖ ነበርና ቀስ ብዬ ነዳኋት። ድምፅ የላትም። ዘነበች አጠገቤ እግሯን ዘርግታ ጉልበቷን እያሻሸች ነው። ጦር ኃይሎችን ካለፍን በኋላ የሆዴን ፍርሃት አወጣሁት።

«ሰኞ ስለምትመጣው ልጅ...» አልኩ።

«የምን ሰኞ?» አለችኝ። «ነገ ቅዳሜ አይደል እንዴ? ገበያ ነው። እነዚያን ባልዲዎች ማን ሊለይልህ ነው? ልጅቷን ለኔ ተዋት፣ ከሐጂ ባለቤት ጋር ተነጋግረናል፤ እነሱ ሱቅ ትገባለች። ይልቅ ስንት ሰዓት ነው የምንወጣው?»

መንገዱ ደብዘዝ ብሎብኝ ነበር፤ የመኪናዋ መብራት ግን ደኅና ነው።

«አንድ ሰዓት» አልኳት።